ኩራዝ ፊት የተቀመጠ ሰው ኩራዝ አይሆንም



የፊዚክስ ተማሪ ለዕረፍት ወደ ቤተሰቡ ሲሄድ ስለ ኒውተን ሕግ የሚጠይቀው ሰው የለም። የሚጠየቀው ሌላ ነው። ሞባይል ትራስ ሥር ማሳደር ጨረር አለው ወይ? ራጅ የተነሣች ነፍሰ ጡር ምን ትሆናለች? ጨረር የታከመ ሰው ዘንድ ሕፃን ይዞ መሄድ አያስፈራም ወይ? የኒውክሌር ፊዚክስ ኮርስ መውሰዴ ቤተሰብ ዘንድ ከታወቀ ወዲህ ዒድ ላይም ሆነ ለቅሶ ቤት ከዚህ ጥያቄ አምልጬ አላውቅም። ሕክምና፣ ሕግ ወይም አካውንቲንግ የምትማሩትም በየመስካችሁ ተመሳሳይ ነገር እንደሚገጥማችሁ እገምታለሁ። ቤተሰብ ወደዚህ የላከን ዲግሪ ይዘን እንድንመለስ ብቻ አይደለም፤ እሱ ያላገኘውን እውቀት ይዘንለት እንድንመጣም ነው።

ሦስተኛ ዓመት ሳለሁ ይህ ጥያቄ የቡና ላይ ወግ መሆኑ ቀርቶ የሰው ሕይወት የያዘ ጉዳይ ሆነብኝ። ስለዚያ ጊዜና ስለ ራዲዮአክቲቭ ነገር መሠረታዊ ጠባይ በዚህ ጽሑፍ ላካፍላችሁ። ነገ ከእናንተም የአንዳችሁን በር ማንኳኳቱ አይቀርምና።

የአባቴ ታላቅ እህት የሚኖሩት ወሎ ነው። የጡት ካንሰር እንዳለባቸው ታውቆ አዲስ አበባ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው በኋላ ሐኪሞቹ የጨረር ሕክምና አዘዙላቸው፦ በሳምንት 5 ቀን፣ ለ5 ሳምንት፣ በጠቅላላው 25 ጊዜ። ይህን ሁሉ ጊዜ ያረፉት ልጃቸው ዘንድ ነበር። ልጃቸው ደግሞ ከወለደች ገና ሁለት ወሯ ነው። አክስቴ የልጅ ልጃቸውን ለማቀፍ ዓመታት ሲናፍቁ የኖሩ ሴት ናቸው።

ሕክምናው በተጀመረ በሁለተኛው ሳምንት የአክስቴ ልጅ እያለቀሰች ደወለችልኝ። እናቷ ሕፃኑን አላቅፍም ብለዋል። የሚበሉበትን ሰሃንና የሚጠጡበትን ብርጭቆ ለይተዋል። መስገጃቸውን ሳይቀር ሰው እንዳይነካው አጣጥፈው ጥግ ያስቀምጡታል። ከሁሉ የባሰው ግን «ይበቃኛል፤ ሰው ከምመርዝ ዘምዘሜን እየጠጣሁ፣ ዱዓዬን እያደረግኩ ሀገሬ ገብቼ ልሙት» ማለታቸው ነበር። 9 ቀን ታክመው 16 ቀን ይቀራቸው ነበር። የጨረር ሕክምና መሐል ላይ ሲቆረጥ የታሰበለትን ያህል እንደማይሠራ ሐኪሞቹ ነግረዋቸዋል፤ እሳቸው ግን የፈሩት ለራሳቸው አልነበረም።

ወሬው ከየት መጣ ብዬ ስጠይቅ ምንጩ አንዲት ደግ ጎረቤት ሆነው ተገኙ። ሴትየዋ ጅዳ ለብዙ ዓመት ሠርተው የተመለሱ ናቸው። እዚያ ሳሉ ለእንቅርት ሕመም ራዲዮአክቲቭ መድኃኒት ወስደው፣ ሐኪሞቹ ለተወሰነ ቀን ከሕፃናትና ከነፍሰ ጡር እንዲርቁ አዝዘዋቸው ነበር። ይህንኑ ነው ለአክስቴ የነገሯቸው። አልዋሹም። የነገሩት በራሳቸው ላይ የደረሰውን እውነት ነው። ችግሩ የእሳቸው እውነት ለአክስቴ የማይሠራ መሆኑ ነው። ለምን እንደማይሠራ ለመረዳት ደግሞ ትንሽ ወደ ውስጥ፣ ወደ አቶሙ ልብ መግባት ያስፈልጋል።

ዓርብ ከጁሙዓ በኋላ ወደ እነሱ ቤት ሄድኩ። ለአክስቴ በዚያና በተከታዮቹ ምሽቶች ያልኳቸውን እዚህ ላይ ትንሽ አስፍቼ አቀርበዋለሁ።

በዙሪያችን ያለው ነገር ሁሉ፣ አፈሩም ውሃውም የእኛ አካልም፣ ከአቶሞች የተሠራ ነው። በእያንዳንዱ አቶም መሐል ኒውክሊየስ የምንለው እጅግ ትንሽ ፍሬ አለ፤ ከአቶሙ ስፋት መቶ ሺህ ጊዜ ያህል ያንሳል። በውስጡ ፕሮቶንና ኒውትሮን የሚባሉ ቅንጣቶች ታጭቀዋል። ፕሮቶኖች ሁሉም ፖዘቲቭ ሙል ስላላቸው እርስ በርስ ይገፋፋሉ፤ ለብቻቸው ቢሆኑ ኒውክሊየሱ በአንድ አፍታ ይበተን ነበር። እንዳይበተን የሚይዘው ጠንካራው የኒውክሊየስ ኃይል ነው። ይህ ኃይል እጅግ ብርቱ ቢሆንም ክንዱ አጭር ነው፤ የሚሠራው በተጠጋጉ ቅንጣቶች መካከል ብቻ ነው። ኒውትሮኖች ሙል ስለሌላቸው መገፋፋቱን ሳያባብሱ በማያያዙ ሥራ ያግዛሉ።

እንግዲህ ጉዳዩ የሚዛን ነው። ካርቦን-12 ውስጥ 6 ፕሮቶንና 6 ኒውትሮን አሉ፤ የተረጋጋ ነው። ካርቦን-14 ውስጥ ግን 6 ፕሮቶንና 8 ኒውትሮን ስላሉ አልተመጣጠነም። ኒውክሊየሱ እየተለቀ ሲሄድ የፕሮቶኖቹ መገፋፋት ስለሚበረታ ብዙ ኒውትሮን ያስፈልጋል፤ የተረጋጋው እርሳስ-208 ለ82 ፕሮቶኖች 126 ኒውትሮን ይዟል። ከእርሳስ በላይ ፕሮቶን ያላቸው እንደ ራዲየምና ዩራኒየም ያሉት ግን ምንም ያህል ኒውትሮን ቢጨመርላቸው ፈጽሞ የሚረጋጉ አይደሉም።

ለአክስቴ ፕሮቶንና ኒውትሮን አላልኳቸውም። «ጉልቻው ተዛንፎ የተጣደ ድስት አስቡ» አልኳቸው። «ሲወዛወዝ ይቆይና አንድ ጊዜ ቦታውን ይይዛል። ቦታውን ሲይዝ ግን ካለው ላይ ትንሽ ይፈሰዋል። ጨረር የሚሉት ያ የፈሰሰው ነው።» ያልተረጋጋ ኒውክሊየስም እንደዚሁ ወደ ተረጋጋ ቅርጽ ሲለወጥ የተረፈውን ያስወጣል። ራዲዮአክቲቭ መሆን ማለት ይኸው ነው።

የሚወጣው ነገር በዋናነት ሦስት ዓይነት ነው። አልፋ የሚባለው 2 ፕሮቶንና 2 ኒውትሮን ተጣምረው የሚወጡበት ሲሆን ከባድና ዘገምተኛ ነው፤ አንድ ቅጠል ወረቀት ያቆመዋል። ቤታ በፍጥነት የሚወነጨፍ ኤሌክትሮን ነው፤ ጥቂት ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው አሉሚኒየም ያቆመዋል። ጋማ ደግሞ ልክ እንደ ብርሃን ያለ፣ ነገር ግን ጉልበቱ እጅግ የበዛ ጨረር ነው፤ እሱን ለመቀነስ ወፍራም እርሳስ ወይም የኮንክሪት ግድግዳ ያስፈልጋል። ወረቀት የሚያቆመው አልፋ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን የሚያመነጨው ነገር በትንፋሽ ወይም በምግብ ወደ ውስጥ ከገባ ከሦስቱም የከፋ ጉዳት የሚያደርሰው እሱ ነው። ስለዚህ «ጨረር ነው» ማለት ብቻውን ምንም አይነግረንም። የትኛው ጨረር? ምንጩ ከአካል ውጭ ነው ወይስ ውስጥ? ምን ያህልስ ነው? ብለን መጠየቅ አለብን።

ይህ እውቀት የተገኘው ከ130 ዓመት ገደማ በፊት ነው። (ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በ1896 ፓሪስ ውስጥ ኦንሪ ቤክሬል የዩራኒየም ጨው በጥቁር ወረቀት ከተጠቀለለ የፎቶ ሰሌዳ ላይ አስቀምጦ መሳቢያ ውስጥ ተወው። የፀሐይ ብርሃን ሳያገኘው ሰሌዳው ላይ የጨውን ምስል አገኘ። ጨረሩ የመጣው ከራሱ ከዩራኒየሙ ነበር። በ1898 ማሪ ኪዩሪና ባለቤቷ ፒዬር ፖሎኒየምንና ራዲየምን አገኙ። ማሪ በ1934 ለሞት ያበቃት የደም መመረት ችግር ለዓመታት ከተጋለጠችበት ጨረር ጋር ይያያዛል። የጻፈችባቸው ደብተሮች ዛሬም በራዲየም የተበከሉ ስለሆኑ በእርሳስ በተለበጠ ሳጥን ውስጥ ነው የሚጠበቁት። ይህችን የደብተር ነገር ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

አክስቴ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ቀጥተኛ ነበር። «ልጄ፣ እኔ ላይ ያረፈው ጨረር ከእኔ ወደ ሕፃኑ አይጋባም?»

መብራት በማይገባበት ሀገር ያደጉ ናቸውና ኩራዝን ያውቃሉ። «አክስቴ፣ ማታ ኩራዝ ፊት ተቀምጠው ያውቃሉ?» አልኳቸው። «ብርሃኑ ፊትዎ ላይ ያርፋል። ኩራዙ እፍ ሲባል ግን ፊትዎ እያበራ ይቀራል?» ሳቁ። «ጥላሸቱ ግን ሌላ ነው» ብዬ ቀጠልኩ። «ጥላሸት ከኩራዙ ተነሥቶ እጅዎ ላይ ቢያርፍ ኩራዙ ቢጠፋም እጅዎ ላይ ይቆያል፤ ሕፃኑን ቢነኩት ይነካካዋል።»

ልዩነቱ ሁሉ እዚህ ላይ ነው። አክስቴ የታከሙበት ማሽን ኮባልት-60 የተባለ ምንጭ ነበረው። ተፈጥሯዊው ኮባልት-59 የተረጋጋ ነው፤ 27 ፕሮቶንና 32 ኒውትሮን አለው። ኒውክሌር ሪአክተር ውስጥ ሲገባ አንድ ኒውትሮን ይጨመርበትና ኮባልት-60 ይሆናል፤ ያችው አንዲት ኒውትሮን ሚዛኑን ታናጋዋለች። ከዚያ ቤታ አስወጥቶ ወደ ኒኬል-60 ይለወጣል፤ ወዲያው ሁለት የጋማ ጨረሮችን ይለቃል። ለሕክምና የሚያገለግሉት እነዚህ ጋማዎች ናቸው። ኮባልቱ ራሱ በብረት ታሽጎ፣ በወፍራም የእርሳስና መሰል ከባድ ብረቶች ግርዶሽ ውስጥ ተቀምጦ፣ ታማሚው ሲመጣ በተለካ ቀዳዳ ጨረሩ ብቻ እንዲወጣ ይደረጋል። የኮባልቱ ብናኝ ታማሚው ላይ አያርፍም። የጋማው ጉልበት ደግሞ በአካላችን ውስጥ ያሉትን ኒውክሊየሶች አናግቶ ራዲዮአክቲቭ ለማድረግ አይበቃም። ስለዚህ ቀዳዳው እንደተዘጋ አክስቴ ላይ የሚቀር ጨረር የለም። የነካቸው ብርሃኑ እንጂ ጥላሸቱ አይደለም።

የጅዳዋ ጎረቤት ግን በተወሰነ ደረጃ ጥላሸቱ ነበረባቸው። እሳቸው የዋጡት አዮዲን-131 ነው። እንቅርት የሚወጣበት ታይሮይድ የተባለው ዕጢ አዮዲንን ከደም እየለቀመ ያጠራቅማል፤ ራዲዮአክቲቩንም ከሌላው ሳይለይ ይወስደዋል። አዮዲኑ እዚያው ሆኖ በሚለቀው ቤታ የታመመውን ዕጢ ያጠፋል። ነገር ግን ጋማም ስለሚለቅ ከፊሉ ከአካል ወጥቶ አጠገብ ያለን ሰው ይነካል፤ በሽንትና በምራቅም ይወጣል። ከሕፃናት ራቂ መባላቸው ትክክል ነበር፤ ዕድሜ ልክ ግን አልነበረም። ይህን የሚወስነው ግማሽ ዕድሜ የሚባለው ነገር ነው።

ሁለተኛው ምሽት ላይ ቡና ተፈልቶ ፈንድሻ ቀርቦ ነበርና በእሱ አስረዳኋቸው። በቆሎው ምጣዱ ላይ ሲጣድ የትኛዋ ፍሬ መጀመሪያ እንደምትፈነዳ ማንም አይናገርም። ጠቅላላው ግን ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ቆዪዋ ታውቀዋለች። ኒውክሊየስም እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ እሳት አያስፈልገውም፤ ሙቀትም ቅዝቃዜም አያፈጥነውም አያዘገየውም። አንድ ኒውክሊየስ ዛሬ ይለወጥ ከሺህ ዓመት በኋላ መለየት አይቻልም። አያረጅምም፤ አስር ዓመት ሳይለወጥ የቆየው ትናንት ከተፈጠረው የበለጠ ለመለወጥ አልቀረበም። ሆኖም በትንሽ ቁራጭ ውስጥ ያለው ብዛት ከቁጥር በላይ ስለሆነ፣ ግማሹ በምን ያህል ጊዜ እንደሚለወጥ በትክክል ማስላት ይቻላል። ያ ጊዜ ግማሽ ዕድሜ ይባላል። ለአዮዲን-131 8 ቀን ነው። ከ8 ቀን በኋላ ግማሹ፣ ከ16 ቀን በኋላ ሩቡ፣ ከ80 ቀን በኋላ ከሺህ አንድ እጅ ያህሉ ብቻ ይቀራል። አካል በሽንት የሚያስወጣው ሲታከልበት ደግሞ ከዚያም ይፈጥናል። ጎረቤታችን የታዘዙት ቀን ካለፈ በኋላ ልጆቻቸውን ያቀፉት ለዚህ ነው።

ግማሽ ዕድሜ ከነገር ነገር እጅግ ይለያያል። የማሪ ኪዩሪ ደብተር ላይ ያለው ራዲየም-226 1,600 ዓመት ነው፤ ጥላሸቱ ዛሬም ያልለቀቀው ለዚህ ነው። የካርቦን-14 5,730 ዓመት ነው። ይህን ብዙዎቻችሁ በአንድ ዜና ታስታውሱት ይሆናል። በ2015 በርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የሚገኙ ሁለት የቁርኣን ብራና ቅጠሎች በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ በካርቦን-14 ተመርምረው፣ ብራናው ከ568 እስከ 645 ባለው ጊዜ ውስጥ እንደሆነ ከ95 በመቶ በላይ በሆነ እርግጠኝነት ተገለጸ። እንስሳ በሕይወት ሳለ በሚበላው አማካይነት ካርቦን-14 ይተካለታል። ሲሞት መተካቱ ይቆምና በቆዳው ውስጥ ያለው በግማሽ ዕድሜው ሕግ እየቀነሰ ይሄዳል። የቀረውን መለካት ነው እንግዲህ። የሚለካው እንስሳው የሞተበት ጊዜ እንጂ ቀለሙ የተጻፈበት ቀን አለመሆኑንም አብሮ ማወቅ ይገባል። የምንወደውን ዜና ስናወራም ልኩን ሳናሳልፍ መሆን አለበት።

የአክስቴ ሦስተኛ ጥያቄ ከሁሉም የከበደ ነበር። «ጉዳት ከሌለው ለምንድን ነው እነሱ ወጥተው እኔን ዘግተውብኝ የሚሄዱት?»

ጉዳት የለውም አላልኳቸውም። እንደዚያ ብላቸው ቆዳቸው ሲጠቁርና ድካም ሲያንከላውሳቸው ሐሰተኛ አድርገው ይቆጥሩኝ ነበር። ጋማ ሴሎች ውስጥ ያለውን ዘረመል ይጎዳል፤ ሕክምናው የሚሠራውም ስለሚጎዳ ነው። የካንሰር ሴሎች ጉዳታቸውን ለመጠገን ደካሞች ናቸው፤ ጤነኞቹ ግን እስከ ነገ ድረስ ብዙውን ይጠግናሉ። በአንድ ቀን አልቆ በ25 ቀን የሚከፋፈለው ጤነኞቹ ፋታ እንዲያገኙ ነው። መሐል ላይ ማቋረጥ ደግሞ ለካንሰሩም ፋታ መስጠት ነው።

ባለሙያዎቹ ለምን እንደሚወጡ ግን ማጀታቸውን አስታወስኳቸው። «አንቱ እንጀራ ለማውጣት ጭሱ ውስጥ አንዴ ገብተው ቢወጡ ዓይንዎ ያለቅስ እንደሆነ ነው እንጂ አይጠፋም። ዓመቱን ሙሉ ስትጋግር የምትውለው ግን ዓይኗን ትታመማለች።» ባለሙያዋ በቀን ብዙ ሰው ታክማለች፤ ዓመት ከዓመት። ለእያንዳንዱ ታማሚ ክፍሉ ውስጥ ብትቆም ትንሹ ተጠራቅሞ ይጎዳታል፤ እሷ ደግሞ የምትድንለት በሽታ የለባትም። አክስቴ ግን የሚወስዱት በልክ፣ ለታወቀ ቦታ፣ ለታወቀ ጥቅም ነው። ከግድግዳው ማዶ ሆነውም በካሜራ ያዩዋቸዋል። ይህን ሲሰሙ ዝም ብለው ቆዩና «እኔማ ጥለውኝ የሚሮጡ ነበር የመሰለኝ» አሉ። ያን ጊዜ ነው ለካ ፍርሃታቸው ስለ ጨረር ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ። ሰው ሁሉ የሸሻቸው መስሏቸው ነበር።

በማግሥቱ ደግሞ ከሆስፒታሉ አግዳሚ ወንበር ሌላ ወሬ ይዘው መጡ። አንዲት ታማሚ «ማሽኑ አርጅቷል፤ ድሮ በአጭር ደቂቃ ይጨርስ ነበር፤ አሁን ስለደከመ አያድንም» ብላለች። እዚህ ላይ ግማሹ እውነት ነው። የኮባልት-60 ግማሽ ዕድሜ 5 ዓመት ከ3 ወር ገደማ ነው። ምንጩ አዲስ ሳለ 2 ደቂቃ የሚፈጀው ሕክምና ከዚያ ጊዜ በኋላ 4 ደቂቃ ይፈጃል። በየወሩ 1 በመቶ ያህል ይቀንሳል ማለት ነው። ይህንን የሚቆጣጠሩ የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያዎች አሉ፤ ቅናሹን እያሰሉ ደቂቃውን ይጨምራሉ። ጊዜው ይረዝማል እንጂ ታማሚው የሚያገኘው መጠን አይጎድልም። (አሁን በብዙ ቦታ ኮባልትን የተካው ሊኒየር አክሰለሬተር የሚባለው ማሽን ደግሞ ጨረሩን የሚያመነጨው በኤሌክትሪክ ነው፤ ሲጠፋ ጨረሩም አብሮ ይጠፋል።) ክፍል ውስጥ ለፈተና የሸመደድኩት የግማሽ ዕድሜ ቀመር በአክስቴ አልጋ በላይ በየወሩ እየተሰላ መሆኑን ሳስብ ለትምህርቴ ያለኝ ስሜት ተለወጠ።

እህትና ወንድሞች፣ ይህን ልዩነት አለማወቅ በሁለት አቅጣጫ ይገድላል። በ1987 በብራዚሏ ጎያኒያ ከተማ ሰው ጥሎት በሄደ ክሊኒክ ውስጥ ሲዚየም-137 የያዘ አሮጌ የሕክምና መሣሪያ ቀርቶ ነበር። ሁለት ሰዎች ብረቱን ለመሸጥ ፈትተው ወሰዱት። ውስጡ የነበረው ዱቄት በጨለማ ሰማያዊ ሲያበራ ስላዩት ቆንጆ ነገር መስሏቸው ለዘመድ ለጎረቤት አከፋፈሉት፤ አንዲት የ6 ዓመት ልጅ በእጇ ነክታው በዚያው እጇ በላች። አራት ሰዎች ሞቱ፤ ልጅቷም ከእነሱ አንዷ ነች። 249 ሰዎች መበከላቸው ተረጋገጠ። መፍራት የነበረበትን አለመፍራት ማለት ይህ ነው። ቀጥሎ የመጣው ግን ተቃራኒው ነው። ከ110 ሺህ በላይ የከተማዋ ሰዎች ለምርመራ ተሰለፉ፤ ከጎያኒያ የመጣ ሰው በሌላ ከተማ ሆቴል ይከለከል ጀመር፤ የከተማዋን ዕቃ የሚገዛ ጠፋ። ያቺ ልጅ በእርሳስ በተለበጠ ሣጥን ተሸፍና ስትቀበር እንኳ ሰዎች ቀብሩን ለማስቆም ድንጋይ ወርውረዋል። ጥላሸቱን የተዳፈረ ሰው ጎዳ፤ ብርሃኑን የሸሸም ሰው ጎዳ።

ከሁሉ በላይ አክስቴን ያረጋጋቸው ግን ሌላ ነገር ይመስለኛል። «ሕፃኑ ራሱ ውስጥ ትንሽ ጨረር አለ» ስላቸው ደነገጡ። እውነት ነው። ሙዝ፣ ድንችና ባቄላ ውስጥ የሚገኘው ፖታሲየም ለሕይወት የግድ ነው። ከፖታሲየም ውስጥ ደግሞ ከ10 ሺህ አንድ ያህሉ ፖታሲየም-40 የተባለው ራዲዮአክቲቭ ዓይነት ነው፤ ግማሽ ዕድሜው 1.25 ቢሊዮን ዓመት ነው። 70 ኪሎ በሚመዝን ሰው አካል ውስጥ በየሰከንዱ ከ4 ሺህ በላይ የፖታሲየም-40 ኒውክሊየሶች ይለወጣሉ። ከምድርም ከሰማይም ጨረር ይደርሰናል። ከአባታችን አደም ጀምሮ ሰው ያለ ጨረር የኖረበት አንድ ሰከንድ የለም። አክስቴ ሱብሐነላህ ብለው ሕፃኑን አዩት። «ይሄ ብጥሌም?» አሉ። «እሱም» አልኳቸው።

ሰኞ ወደ ሕክምናው ተመለሱ። ዘምዘሙንም ዱዓውንም አልተዉትም፤ መተው እንዳለባቸውም ማንም አልነገራቸውም። አባቴ በስልክ «መድኃኒቱንም የፈጠረው ያው አላህ ነው» ብሏቸው ነበርና ሁለቱን አብረው ያዙ። በዚያ ሳምንት ሰሃናቸው ከሌላው ጋር መታጠብ ጀመረ። ሕፃኑን ለማቀፍ ግን ሁለት ቀን ፈጀባቸው። እውቀት ጭንቅላት ውስጥ ከገባ በኋላ እጅ ላይ እስኪደርስ ጊዜ እንደሚወስድ ያን ጊዜ አየሁ። 25ቱንም ቀን ጨረሱ፤ አልሐምዱሊላህ። አሁንም ለክትትል ይመላለሳሉ፤ በዱዓችሁ አስቧቸው።

ይህን የምጽፍላችሁ ሁላችሁም ፊዚክስ እንድታጠኑ አይደለም፤ ምንም እንኳ የሕክምና ፊዚክስ ሀገራችን በብርቱ የምትፈልገው ሙያ ቢሆንና ከመካከላችን አንድ ሁለት ሰው ቢገባበት ደስ ቢለኝም። የምለምናችሁ ሌላ ነገር ነው። በመጪው ዕረፍት ቤት ስትገቡ «ጨረር» የሚል ቃል ከተነሣ በችኮላ «ምንም አይደለም» አትበሉ፤ «ያስፈራል»ም አትበሉ። አራት ነገር ጠይቁ፦ ምን ዓይነት ጨረር ነው? ምንጩ ውጭ ነው ወይስ አካል ውስጥ ገብቷል? መጠኑ ምን ያህል ነው? ግማሽ ዕድሜውስ ስንት ነው? መልሱን ካላወቃችሁ ታማሚውን የሚያክመውን ሐኪም ጠይቁለት፤ ታማሚው ራሱ ለመጠየቅ ያፍር ይሆናል። እኛ የተማርነው ላላፈረ አንደበት ጭምር ነው።

ሰው ከበሽታው ይልቅ ብቸኝነቱ እንዳይገድለው አንድ ትክክለኛ ዓረፍተ ነገር በጊዜው የሚነግረው ሰው ይፈልጋል። አላህ የምንማረውን ጠቃሚ እውቀት ያድርግልን። ወሰላሙ ዐለይኩም።

እህታችሁ፣ ከፊዚክስ ትምህርት ክፍል